ፌሬት ከሱሉልታ አጥር ቢያመልጥ

(ሱሉልታ ውስጥ በአንድ የእድር አዳራሽ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ለአካባቢው ነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ሲገለበጥ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! አካም ጅርቱ!

የተከበሩ የእድራችን ሊቀመንበር፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ ከእሁድ ዕረፍታችሁ ላይ ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አልነክስም።

ሊቀመንበሩ “ስለ እንስሳት ጤና አንድ ነገር ንገሪን” ሲሉኝ ስለ ላም ጡት በሽታ የማወራ መስሏቸው ነበር። ብዙዎቻችሁም እሱን ጠብቃችሁ እንደመጣችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ስለ ላምም ማውራታችን አይቀርም። መነሻዬ ግን ፌሬት ነው።

ፌሬት የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ከቲክቶክ ነው አይደል?

ለማታውቁት፦ ፌሬት ቀጠን ረዘም ያለ፣ እግሩ አጭር፣ ብዙ ጊዜ ዓይኑ ዙሪያ ጠቆር ያለ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ሴቷ አንድ ኪሎ ላትሞላ ትችላለች። ወንዱ ሁለት ኪሎ ሊደርስ ይችላል። አውሮፓ ውስጥ ከሚኖር ፖልካት ከሚባል አውሬ የተላመደ ነው፤ ከተላመደ 2,000 ዓመት አልፎታል። ሰዎቹ ያላመዱት ግን ለጨዋታ አልነበረም። ጉድጓድ ድረስ ገብቶ ጥንቸል እንዲያስወጣላቸው ነው። ይህን ያዙልኝ። ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ማደን ሥራው ነው። ዛሬ ሶፋ ላይ ተጠቅልሎ ቢተኛም ያ ሥራው አልጠፋበትም። በነገራችን ላይ በቀን ከ14 እስከ 18 ሰዓት ይተኛል። (ሳቅ) አዎ፣ የምታውቁት ሰው ትዝ አላችሁ።

ታዲያ ይህ ለሱሉልታ ምኗ ነው? ልንገራችሁ።

አንድ ወጣት ወደ ክሊኒኬ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ሠርተው ከከተማ ወደዚህ ከወጡት ቤተሰቦች ልጅ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። “ዶክተር፣ ይቺን ከውጭ ላስመጣ ነው። ምን ትበላለች?” አለኝ። ሥጋ እንደምትበላ ነገርኩት። ምን ክትባት እንደሚያስፈልጋት ነገርኩት። እሱም እየጻፈ ቆየና “ጥንድ ነው የማስመጣው፤ ብቻዋን እንዳይደብራት። ሲወልዱ ደግሞ ለጓደኞቼ እሸጣለሁ” አለኝ።

እዚህ ላይ ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ የአንድ ልጅና የአንድ እንስሳ ነበር። ጥንድ ከሆነ፣ ካልተኮላሹ፣ ሽያጭም ካለ፣ ጉዳዩ የሠፈሩ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። መጤ የሆነ ሁሉ ወራሪ አይደለም። የምታልቧት ፍሪዥያን መጤ ናት። ወጣችን ውስጥ ያለው በርበሬ መጤ ነው። ድንቹም፣ በቆሎውም እንዲሁ። አንድን እንስሳ “ወራሪ ይሆናል ወይስ አይሆንም?” ብሎ የሚመረምር ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። እኔ ዛሬ ሦስቱን ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ቢያመልጥ እዚህ መኖር ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ ከኖረ ይራባል ወይ? ሦስተኛ፣ ከተራባ ምን ያጠፋል?

አንደኛው። መኖር ይችላል ወይ?

ፌሬት ሙቀት አይችልም። እንደ ሰው በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን አደጋ ላይ ይወድቃል። ጋምቤላ ወይም አፋር ቢለቀቅ ፀሐይዋ ራሷ ሥራውን ትጨርስልን ነበር። እዚህስ? እኛ ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ለእኔ ብርድ ነው፤ ለፌሬት ግን ምቾት ነው።

ምግብስ? አይጥ አለ። ፍልፈል አለ። እንቁራሪት አለ። የዶሮ ቤት በየግቢው አለ። ስለዚህ በአየርና በምግብ በኩል መልሱ “አዎ” ነው።

ግን ቆዩ። ላስፈራራችሁ አልመጣሁም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ፌሬት ያሳድጋል፤ ይህም አሥርት ዓመታትን ያስቆጠረ ነገር ነው። ያመለጠውም ብዙ ነው። ሆኖም በዋናው ምድር ላይ ዱር ገብቶ በሰፊው ሲነግሥ አልታየም። ለምን? አንዱ ምክንያት ከሳሎን የወጣ እንስሳ ዱር ውስጥ ጌታ ስለሚበዛበት ነው። እዚህም ውሻ አለ፣ ጅብ አለ፣ ቀበሮ አለ፣ ጭልፊትና ንስር አለ። ሸለመጥማጡና ሙጭልጭላውም ቦታውን ቀድመው ይዘዋል። አንድ ብቸኛ ፌሬት ከአጥር ቢወጣ፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሳምንቱን መጨረሱን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛው። ይራባል ወይ?

ሴቷ የምታረግዘው ለ42 ቀን ያህል ነው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ስምንት ያህል ትወልዳለች። ሲመቻት በዓመት ሁለቴ ትወልዳለች። ይህ ፍጥነት ነው።

ግን አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። ፌሬት ለእርባታ የሚነሣሣው በቀኑ ርዝመት ነው። አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወቅት ቀኑ በጣም ያጥራል፣ በሙቀቱ ወቅት በጣም ይረዝማል። ቀኑ ሲረዝም ሰውነቱ “ጊዜው ደረሰ” ይላል። እኛ ጋ ግን በአጭሩና በረጅሙ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ዓመቱን ሙሉ ቀናችን ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። እንግዲህ ዱር የገባ ፌሬት በእኛ ፀሐይ ወቅቱን መለየት ሊቸግረው ይችላል። ይህ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው።

ቤት ውስጥ ያለውስ? ቤት ውስጥ መብራት አለ! ማታ እስከ አራት ሰዓት ቴሌቪዥንና አምፖል የበራበት ሳሎን ለእሱ ረጅም ቀን ነው። ስለዚህ የሚራባው ዱር ሳይሆን ሳሎን ነው። ችግሩም ከሳሎን ይጀምራል። አንድ ነገር ልጨምር። ያልተኮላሸች ሴት ፌሬት ፍትወት ላይ ከገባች በኋላ ወንድ ካላገኘች ከፍትወቱ አትወጣም። የሆርሞኑ ብዛት መቅኒዋን ይጎዳና ደም መሥራት ሊያቅታት ይችላል፤ በዚያው ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ወይ ያስመክናታል፣ ወይ ያስጠቃታል። ማምከኑ ገንዘብና ልምድ ያለው ሐኪም ይፈልጋል። ማስጠቃቱ ነፃ ነው። እኔ የሰው ጠባይ ሳውቅ፣ የትኛው እንደሚመረጥ አልጠራጠርም።

ስምንት ግልገል። ሁለቱ ተሸጡ። ሁለቱ ለዘመድ ተሰጡ። የቀሩትስ? ሽታቸው ከባድ ነው፣ ይናከሳሉ፣ ሥጋ ተወዷል። አንድ ቀን ጠዋት በመኪና ተጭነው ወደ ሜዳው ይወሰዳሉ። “ነፃ ይውጡ፣ ምስኪኖች” ተብሎ። ውሻ እንዴት እንደሚጣል አይተናል አይደል? እንደዚያው ነው። አንድ ፌሬት ሲያመልጥ ይሞታል ብያችኋለሁ። በየዓመቱ፣ ከተለያየ ግቢ፣ በርከት ብለው ሲለቀቁ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መጤ እንስሳት የሚደላደሉት በአብዛኛው እንዲህ ነው። ደጋግሞ በመለቀቅ፣ ደጋግሞ በመለቀቅ።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሰፋ አድርጌ ልሂድ። ምን ያጠፋል?

ኒውዚላንድ የምትባል አገር አለች። የሌሊት ወፍ ካልሆነ በቀር በምድሯ የሚኖር የራሷ አጥቢ እንስሳ አልነበራትም። ስለዚህ ብዙ ወፎቿ መብረር ትተው መሬት ላይ መሄድና መሬት ላይ መፈልፈል ለመዱ። ሰፋሪዎች መጡና ጥንቸል አመጡ፤ ለአደንና ለምግብ። ጥንቸሉ ተራባ፣ ተራባ፣ የበጉን ግጦሽ ጨረሰው። ገበሬው ጮኸ። መንግሥት ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ጀምሮ ጥንቸሉን እንዲበሉ ፌሬትና ዘመዶቹን በብዛት አስመጥቶ ለቀቀ። የወፍ አዋቂዎች “ተዉ፣ ይህ ነገር ወፉን ይፈጃል” ብለው ነበር። ማን ሰማቸው? ጥንቸሉ እስከ ዛሬ አለ። ወፉ ግን አለቀ። ኪዊ የምትባለው ወፍ ካደገች የፌሬትን ትንሽ ዘመድ በእርግጫ ትመልሰዋለች። ፌሬት ግን ያደገችውንም ይገድላል።

አላበቃም። በ1980ዎቹ እዚያው አገር ፌሬትን ለፀጉሩ ማርባት ፋሽን ሆነ። ገበያው ሲወድቅ ደግሞ ብዙው ዱር ገባ። በመጨረሻ በ2002 መሸጡም ማርባቱም ተከለከለ። አሁን እስከ 2050 ድረስ ፌሬትን፣ ዘመዶቹንና አይጥን ከአገሩ ለማጽዳት ትልቅ ዘመቻ ላይ ናቸው። ለማምጣት መርከብ በቃ። ለማስወጣት ትውልድ አልበቃም።

ሰሜን አየርላንድ ውስጥም ራትሊን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እዚያም ጥንቸል ይቀንስ ተብሎ ፌሬት ተለቅቆ ነበር። የባሕር ወፎቹን እንቁላልና ጫጩት ፈጀ። እሱን ለማስወጣት ወጥመድ፣ ካሜራ፣ የፌሬት ሽታ እያነፈነፈ የሚፈልግ የሠለጠነ ውሻ ሳይቀር ተሰማራ። ለአንዲት ደሴት በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ!

“እኛ ደሴት አይደለንም” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። አዳኝ የለመዱ ወፎች አሉን። እኔም ኒውዚላንድ የደረሰው እዚህ በዚያው ልክ ይደርሳል አልልም። ግን ሜዳችንን ተመልከቱት። እዚህ ሱሉልታ ረግረግ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች አሉ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ የኢትዮጵያ ብቻ ናት፤ በኢትዮጵያ ደጋ ካልሆነ በዓለም ላይ የለችም። ጎጆዋ ሣር ውስጥ ነው። ከሆለታ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ በርጋ የሚባል ረግረግ አለ። እዚያ ክረምት ላይ ፍላፍቴይል የምትባል ነጭ ክንፍ ያላት በጣም ትንሽ ወፍ ትፈለፍላለች። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት። ቀድሞ በዚሁ በሱሉልታ ሜዳም ተመዝግባ ነበር። በበርጋ የሚኖሩ ገበሬዎች የወፏ ወቅት እስኪያልፍ ከብታቸውን ከረግረጉ ያርቁላታል። ላሙን ያራቀው ገበሬ ፌሬትን በምን ያርቀዋል?

ስለ ዶሮ ደግሞ የአያቴን ልንገራችሁ። አያቴ ሙከጡሪ ነበሩ። አንድ ሌሊት ሸለመጥማጥ የዶሮ ቤታቸው ገባ። ጠዋት ስንነሣ ዶሮዎቹ በሙሉ አንገታቸው ተነክሶ ተዘርረዋል። የወሰደው ግን አንዷን ብቻ ነው። እኔ ልጅ ነኝ፣ አለቀስኩ። አያቴ ግን አላለቀሱም። ተናደዱ። “በልቶት ቢሆን ባልከፋኝ! ፈጅቶ መሄዱ ነው!” እያሉ ቀኑን ሙሉ ግቢውን ሲዞሩ ዋሉ። ፌሬትም የዶሮ ቤት ከገባ ጠባዩ ይኸው ነው። እንደሚበላው ልክ አይገድልም።

አሁን ወደ ላሞቹ እንምጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ከጥርሱ ይልቅ የሚይዘው በሽታ ነው።

አዲስ አበባ ዙሪያ ባለው የወተት ከብት የከብት ቲቢ ዋና ችግር መሆኑን የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ያውቃል። ፈረንጅ ዘር ላም ሲበዛና በአንድ ጋጣ ስትታጎር ይበረታል። ወተት ሳይፈላ ሲጠጣ ወደ ሰው ይተላለፋል። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ? አሁንም እደግመዋለሁ፦ አፍሉት! ኒውዚላንድ ውስጥ ፌሬት ይህንኑ የከብት ቲቢ ይዞ ተገኝቷል። በአብዛኛው የሚይዘው የታመመ እንስሳ ሬሳ በልቶ ነው። እዚያ ዋናው አስተላላፊ ሌላ እንስሳ ነው፤ ፌሬትን ብቻ መኮነን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ግን እኛ ሬሳ የት ነው የምንጥለው? የሞተ ጥጃ የት ነው የሚሄደው? ገደል ነው። ቢኖር ኖሮ ፌሬቱ የሚያገኘው እዚያ ነው። ከዚያ ደግሞ ወደ መኖ ቤታችሁ ይመለሳል፤ አይጥ ፍለጋ። ባለ ላሞች፣ ይህን ልብ በሉ።

ሌላው ዲስቴምፐር ነው። የውሻ በሽታ ነው። ፌሬት ከያዘው የሚተርፈው ከስንት አንድ ነው። ቀይ ቀበሮንም ይገድላል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ያህል ቢቀረው ነው፤ ሁሉም እዚሁ አገራችን ውስጥ። ባሌ ላይ በእብድ ውሻ በሽታም፣ በዲስቴምፐርም ደጋግሞ አልቋል። እዚያ የደረሰው በውሾች አማካይነት ነው። እንግዲህ በሽታውን የሚይዝ ሌላ እንስሳ መጨመር ምን ይጠቅመናል? እውነቱን ለመናገር ግን፣ የራሳችንን ውሻ ሳናስከትብ ስለ ፌሬት ክትባት ማውራታችን ራሱ ያስቃል። ማን ነው ዘንድሮ ውሻውን ያስከተበ? እጅ! …እሺ፣ እንለፈው።

ጉንፋንም አለ። የሰውን ጉንፋን ፌሬት ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መጀመሪያ የተለየው ለንደን ውስጥ በፌሬት አማካይነት ነው። ቆይቶ ደግሞ የታመመች ፌሬት አንዱ ተመራማሪ ፊት ላይ አነጠሰችበትና እሱም ታመመ። ስለዚህ ልጆች፣ ብታነጥሱ ፌሬት ላይ አይሁን፤ ፌሬትም እናንተ ላይ አታነጥስ።

ታዲያ ሚዛኑ የት ላይ አረፈ? እኔ እንዲህ አየዋለሁ። አንድ የተኮላሸ፣ የተከተበ፣ ጠንካራ ቤት ያለው ፌሬት ለሱሉልታ አደጋ ነው ብዬ አልምልም። ጥንድ ሲሆን፣ ሳይኮላሽ ሲቀር፣ እንደ ዶሮ ገበያ ሲወጣ ግን አደጋ ነው። ዱር ገብቶ የመደላደል ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ከተደላደለ ግን መመለሻ የለውም። እምቦጭን አስቡት። ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ነው። ማን ክፉ አሰበ? ማንም። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፤ ከዚያ ወጣቱ ደረቱ ድረስ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ዋለ፣ ማሽን ተገዛ፣ አሁንም አለ። ካሊፎርኒያና ሃዋይ ፌሬትን እስከ ዛሬ የሚከለክሉት ዱር ገብቶ ስለወረራቸው አይደለም። እስኪገባ ላለመጠበቅ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ማስመጣት የሚፈልግ ካለ፣ መጀመሪያ ይጠይቅ። እንስሳ ወደ አገር ለማስገባት ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በሻንጣ የሚመጣ ነገር አይደለም። አንዴ ገብቶ ያለው ካለ አላወግዘውም፤ አምጡት፣ አየዋለሁ። ይኮላሽ። ይከተብ። ቤቱ በጠንካራ ሽቦ ይሠራ፤ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ያልፋልና ቀዳዳው ይጥበብ። ማሳደግ ያቃተው ሰው ሜዳ ላይ አይልቀቅ። ለእኔ ያምጣልኝ። ምንም አልልም፣ አልቆጣም፣ ለማንም አልናገርም። ሜዳ ላይ ብቻ አይልቀቅ።

አምልጦ ያየ ሰው ደግሞ በድንጋይ አያሳድደው፤ ጉድጓድ ይገባና ይጠፋል። ሥጋ ያለበት የሽቦ ወጥመድ አስቀምጡና ደውሉልኝ። እጃችሁን አታስገቡ። ንክሻው ያማል፣ ከነከሳችሁም እንደ ውሻ ንክሻ ቁጠሩት፤ በሳሙናና በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ያ ልጅ የት ደረሰ? ትሉኝ ይሆናል። ጥንዱን ተወው። አንድ እንኳ ያምጣ አያምጣ ገና አልወሰነም። አሁንም አልፎ አልፎ ቪዲዮ ይልክልኛል። ቪዲዮዎቹ፣ አልዋሽም፣ ያስቃሉ።

አሁን ጥያቄ እንቀበል። አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፤ የማታ ወተት የምታስረክቡ ስለምትቸኩሉ እናንተ ቅደሙ። እሺ እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩ። ማይኩን አቀብሏቸው።